ብቻውን የሚያርፍ የለም

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከሥራና ከቤት የተገኘ ስም ነው። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚያሠራ አንድ ተቋም ነበረው፤ ስሙም በምሕጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ» ማለት ቤቶች ነው። «ካዜ ኢንቺስ» የተባለው ሰፈር በአዲስ አበቤ አንደበት ተለዝቦ ካዛንቺስ ሆነ። ቤቶቹ ለወራሪው ጸሐፊዎችና ሹሞች እንጂ ለአገሬው ሰው አልተሠሩም፤ የስሙ ታሪክ ሲነሣ ይህም አብሮ መነሣት አለበት። ከስሙ ሥር ያለው አሳብ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ቀን ቢሮ የሚውል ሰው ማታ የሚያርፍበት ቤት ያስፈልገዋል፣ ያንን ቤት ማሰናዳትም የአሠሪው ጉዳይ ነው የሚል አሳብ ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ በዚሁ ሰፈር የሚውለው ሰው በዝቷል፤ እዚያው የሚያድረው ግን አንሷል።

የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ፣ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች፣ ባንኮች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና የጀበና ቡና መሸጫዎች ሁሉ በዚህ አካባቢ የየራሳቸው ሠራተኛ አላቸው። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ የድሮዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መቀመጫ ያለው አደባባይ መጣ። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ደክሞት አረፍ የሚልበት ድንጋይ ሲፈልግ ለኖረ መንገደኛ መቀመጫ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መቀመጫው ተሠርቶ ሳለ የመቀመጫው ጊዜ ከየት ይምጣ?

ሒሳቡን እንሥራው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ አንዲት የሆቴል አልጋ አንጣፊ በዳርቻ ሰፈር ትኖራለች እንበል። ታክሲ መጠበቁ፣ መሳፈሩ፣ መውረዱና እንደገና መሰለፉ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታም ያንኑ ያህል ቢወስድባት በቀን 3 ሰዓት መንገድ ላይ አለቀ። የምሳውን አንድ ሰዓት ስንጨምርበት የሥራ ቀኗ 12 ሰዓት ይሆናል። ለአዋቂ ሰው ከሚያስፈልገው እንቅልፍ ዝቅተኛውን 7 ሰዓት ትተኛ ብንል የሚቀራት 5 ሰዓት ነው። በእነዚያ 5 ሰዓታት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ የልጅ ደብተር ታያለች፣ የታመመ ትጠይቃለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። ትርፍ ሰዓት የሠራች ዕለት የሚቆረጠው ከዚሁ ነው፤ ከዚህ ካልበቃም ከእንቅልፏ።

እንዲህ ላለው ሰው የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ለግለሰቡ የሚነገር ነው። በጊዜ ተኛ፣ ስልክህን ዝጋ፣ ለራስሽ ጊዜ ስጪ፣ «እምቢ» ማለትን ተማሪ ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። የሚነገረው ግን በሰዓቱ ላይ ሥልጣን ለሌለው ሰው ነው። አለቃው እሑድ የሚደውልለት ሰው ስልኩን ቢዘጋ ሰኞ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሌሎቹ ሁሉ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት በሚቆዩበት ቢሮ በ11፡30 ቦርሳዋን አንሥታ የምትወጣ ሴት ሕጉ ከእርሷ ጋር ቢሆንም ዓይኑ ሁሉ እርሷ ላይ ነው። ዕረፍት አንድ ሰው በብርታቱ ብቻ የሚያገኘው ነገር አይመስለኝም። ሌሎች አብረው ሲያከብሩት የሚገኝ፣ ሌሎች ሲሽሩት ደግሞ ከእጅ የሚወጣ የጋራ ደንብ ነው። ይህን አባቶቻችን ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር፤ አሁን ያለው የአገራችን ሕግም ያውቀዋል። የተዘነጋው በመሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ነው።

የአባቶችን ነገር ካነሣን አይቀር ከሰንበት እንጀምር። በአገራችን የሰንበት ነገር ለእያንዳንዱ ምእመን ውሳኔ የተተወበት ዘመን አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ሁሉ ይከበር ብለው በመጽናታቸው ብዙ መከራ ደረሰባቸው፤ አባ ኤዎስጣቴዎስም አገር ለቀው ወጥተው በአርመን ምድር ዐረፉ። ክርክሩ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1450፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተቋጨና ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። አንድ አገር ሰው የሚያርፍበትን ቀን ለመወሰን ይህን ያህል ዘመን ተከራከረ፣ ተሰደደ፣ ጉባኤ ተቀመጠ ማለት ነው። በገጠሩ ደግሞ ሰንበትን የሚጠብቀው የጎረቤት ዓይን ነው። በበዓል ቀን በሬ ጠምዶ የተገኘ ገበሬ በዓል ሻረ ይባላል፤ በእርሱ ጦስ በረዶ ወርዶ የሁሉን አዝመራ ይመታል ተብሎ ይፈራል። እምነቱን የሚቀበልም የማይቀበልም ሰው ከውስጡ አንድ ነገር ሊያነብ ይችላል። ገበሬው የዕረፍትን መሻር የአንድ ሰው የግል ጉዳይ አድርጎ አያየውም፤ አንዱ ሲሽር ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል።

ከዚህ ልማድ ጋር የሚመሳሰል አንድ ነገር ዛሬም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን በር ላይ ተለጥፎ ይታያል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል፤ ዓርብ ግን የጠዋቱ ሥራ በ5፡30 ያበቃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለጁምዓ ሶላት ተለቀቀ ማለት ነው። አራቱን ቀን በስምንት፣ ዓርብን በሰባት ብንደምር 39 ይመጣል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም የሳምንቱ ሥራ ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ይህ የዓርብ ዕረፍት በአሥርታት ውስጥ ሥራ ሲያቆም አልታየም። ባለጉዳዩም ያውቀዋል፣ ሠራተኛውም ያውቀዋል፣ ሙስሊሙ ይሰግድበታል፣ ክርስቲያኑም ምሳውን ረጋ ብሎ ይበላበታል። ማንም ማንንም ፈቃድ አይለምንበትም። የጋራ ደንብ የሆነ ዕረፍት እንዲህ ያለ ክርክር የሌለበት ነገር ነው።

ፈቃድ ካልን፣ ቃሉ ራሱ ጥቂት ሊያቆየን ይገባል። በቢሮ ቋንቋችን ሠራተኛው በዓመት የሚያርፍባቸው ቀኖች «የዓመት ፈቃድ» ይባላሉ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ሰዓት ገደብን፣ ዕረፍትን፣ የመዝናኛ ጊዜን፣ ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ዕረፍትን የሠራተኛ መብት ብሎ ይዘረዝራል። መብት የሆነውን ነገር ግን በየቀኑ የምንጠራው ከሌላ ሰው በሚገኝ ይሁንታ ስም ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚሞላ ሰው ውለታ የሚጠይቅ ይመስለዋል፤ የሚፈርመውም ውለታ የሚሠራ ይመስለዋል። በሌላ በኩል ሥራ ያልያዘውን ሰው «ሥራ ፈት» ብለን እንሰድባለን፤ ከሥራው ለጥቂት ዞር ያለውንም በዚያው ስም ልንጠራው እንቸኩላለን። «ዐረፈ» የሚለው ግሥ ደግሞ በክብር ሲነገር ሞተ ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ልማዳችንም ከቃሉ ጋር ይሄዳል። ለቅሶ የደረሰበትን ሰው ሥራ ግባ የሚለው የለም፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ያበስላል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለሐዘን ይህን ያህል አብረን ማቆም የምንችል ሰዎች ለሕይወትም አብረን ማቆም አያቅተንም።

ዕረፍት ማጣት የሚያስከፍለው ዋጋ ዛሬ በቁጥር ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2021 (ከዚህ በታች የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጋራ ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ይጨምራል። በ2016 ብቻ በዚህ ምክንያት በዓለም 745,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምተዋል። እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ ነው። በ1997 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሚሆን አሳይቷል፤ ይህ መጠን በብዙ አገሮች መኪና መንዳት የሚከለክል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ማታ 4 ሰዓት ላይ መሪ የጨበጠ የታክሲ ሹፌር በዚያው ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ተሳፋሪዎቹም አብረውት ይገባሉ።

የሥራውስ ውጤት? ብዙ መሥራት ብዙ ማምረት ነው የሚለውን እምነት ከፈተኑት አንዷ ጦርነት ላይ የነበረች እንግሊዝ ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጥይት ፋብሪካዎች ሠራተኛው ያለ እሑድ ይሠራ ነበር፤ በ1915 የሠራተኞቹን ጤና የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመና የተመዘገበውን ምርት መረመረ። ከመቶ ዓመት በኋላ ጆን ፔንካቬል የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ ያንኑ መዝገብ በአዲስ ስሌት ሲያዩት በሳምንት 70 ሰዓት የሠራው ከ56 ሰዓቱ እምብዛም የበለጠ እንዳላመረተ አገኙ። አሥራ አራቱ ሰዓት ባከነ ማለት ነው፤ ያውም ጥይት በሚያስፈልግበት ሰዓት። ለዚህ እንግሊዝ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ከሚሮጡት መካከል የነገ ጀግኖች አሉ፤ የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ከከባድ ልምምድ ማግሥት ቀላል ሩጫ እንደሚሮጡ፣ ከሰዓት እንደሚተኙ፣ ዕረፍቱን የልምምዱ ክፍል አድርገው እንደሚይዙት ስፖርቱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በዓለም አደባባይ ስማችንን ያስጠሩት ሰዎች ዕረፍትን በአሠልጣኝ ፕሮግራም ውስጥ ጽፈው የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ሯጩ ለዕረፍቱ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም፤ ፕሮግራሙ የአሠልጣኙም የጓደኞቹም ነውና።

እስካሁን የተባለው ዕረፍት እንደሚያስፈልግ ያሳያል። የጋራ መሆን እንዳለበት ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው በሶቪየት ኅብረት የሆነው ነው። በ1929 መንግሥቱ ፋብሪካዎች አንድም ቀን እንዳይቆሙ ብሎ የሰባት ቀኑን ሳምንት ሻረ። ሠራተኞች በአምስት ቡድን ተከፈሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን አራት ቀን ሠርቶ አምስተኛውን ቀን ያርፋል፣ ግን ቡድኖቹ የሚያርፉት በተለያየ ቀን ነው። በቁጥር ካየነው ሠራተኛው ተጠቅሟል፤ ከሰባት አንድ ቀን ያርፍ የነበረው ከአምስት አንድ ቀን ማረፍ ጀመረ። ሰዎች ግን አማረሩ። ባል ያረፈ ዕለት ሚስት ሥራ ላይ ናት፤ እናት ቤት ስትውል ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ ጓደኛ ጓደኛውን አያገኝም። በ1931 ሁሉም በአንድ ቀን ወደሚያርፍበት የስድስት ቀን ሳምንት ተመለሱ፤ በ1940 ደግሞ የሰባት ቀኑ ሳምንት ከነእሑዱ ተመለሰ። ብዙ የዕረፍት ቀን ተሰጥቶት ያልተደሰተ ሕዝብ ያጣው ምን ነበር? አብሮት የሚያርፍ ሰው ነበር ያጣው። ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዕቁብ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ሦስት ጊዜ የሚቀዳ ቡና ከአቦል እስከ በረካ፣ እነዚህ ሁሉ ለአንድ ሰው አይሆኑም።

የእኛ ሕግ ይህን ነጥብ አልሳተም። አዋጅ 1156 በአንቀጽ 69 ማንኛውም ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቋረጠ ቢያንስ 24 ሰዓት የሳምንት ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል፤ በኅብረት ስምምነት ካልተለወጠ በስተቀርም ዕረፍቱ በተቻለ መጠን እሑድ እንዲውልና ለድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ይላል። ይህ ከዓለም ሥራ ድርጅት የ1921 የሳምንት ዕረፍት ስምምነት ጋር የሚስማማ ነው፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን አጽድቃዋለች። «በአንድ ጊዜ» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል፤ እኔ ግን የአንቀጹ ልብ እርሷ ናት እላለሁ። የዓመት ዕረፍትንም አዋጁ ከግለሰቡ ድካም ሊጠብቀው ሞክሯል። ሠራተኛው ራሱ የዓመት ፈቃዴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም ፊርማው ዋጋ የለውም፤ አዋጁ ከፈቀደው ውጭ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው፤ ማስተላለፍ ቢያስፈልግ ከሁለት ዓመት አይበልጥም፤ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው የሚጠራውም አስቀድሞ ሊታወቅ ያልቻለ ምክንያት ሲገጥም ብቻ ነው። ሕግ አውጪው አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ በአሠሪው ፊት ዕረፍቱን ማስከበር እንደማይችል ተረድቶ ነበር።

ሕጉ ግን እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 14 የሥራ ቀን ሰጥቶ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምር ነበር። አዲሱ መነሻውን 16 አደረገና ጭማሪውን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን አደረገው። ለጀማሪው መሻሻል ነው። አምስት ዓመት ላይ ሁለቱም 18 ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን አዲሱ ያንሳል። 11 ዓመት ያገለገለ ሰው በድሮው 24 ቀን ያገኝ ነበር፣ በአዲሱ 21። ዕድሜና ድካም በጨመረ ቁጥር ዕረፍቱ ከቀድሞው አነሰ፤ ይህ መታረም ያለበት ይመስለኛል። እዚያው ካዛንቺስ፣ በአንድ አጥር ብቻ ተለይቶ፣ የተባበሩት መንግሥታት ቋሚ ሠራተኛ በዓመት 30 የሥራ ቀን ያርፋል። የእርሱ ሥራ ከሆቴል ሠራተኛዋ ሥራ የበለጠ ጉልበት ስለሚጨርስ አይደለም። የተቋሙ ደንብ ስለሆነ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አድርጌ አላልፋቸውም። የመጀመሪያው የቆየ ነው፦ አገሪቱን ያደኸያት የበዓል ብዛት ነው፣ አሁን ደግሞ ዕረፍት ጨምሩ ትላላችሁ ይባላል። የማነሣው ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ በዓል ይታወጅ አላልኩም፤ በሕግ የተሰጠው 24 ሰዓት ይከበር፣ የተጻፈው 16 ቀን ይሰጥ ነው የምለው። በከተማው መሥሪያ ቤት ሰዓት የሚያባክነው ደግሞ ዕረፍት ሳይሆን ድካም ነው። ደክሞት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በሥራ ገበታው ላይ ተመዝግቧል፣ ሥራው ግን አይሄድም፤ ባለጉዳዩም «ነገ ተመለስ» ይባላል። የእንግሊዝ ጥይት ፋብሪካ መዝገብ ለዚህ ከበቂ በላይ መልስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ኑሮ ነው። ደመወዙ ለወሩ የማይበቃው ሰው ትርፍ ሰዓቱን ይፈልገዋል፤ በሳምንት ዕረፍቱ ቀን ቢሠራ ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቢሠራ ሁለት እጥፍ ተኩል ይከፈለዋልና ዕረፍቱን ራሱ ይሸጠዋል። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ይህን ሰው ስለ ዕረፍት ጥቅም መስበክ ያሳፍራል። ነገር ግን ነገሩን ወደፊት እንየው። ሁሉም ሰው ዕረፍቱን ሲሸጥ የዕረፍቱ ዋጋ ይወርዳል፤ አሠሪውም በ48 ሰዓት የሚያኖር ደመወዝ የመክፈል ግዴታው እየተረሳ ይሄዳል፣ «ትርፍ ሰዓት አለልህ» ይላልና። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም የሚለው ድንጋጌ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ዕረፍትን ማስከበርና ደመወዝን ማስተካከል አንድ ጥያቄ ናቸው፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ሁለቱን ነጣጥለው ባያቀርቡ ይበጃል። ይህ ሁሉ ሕግ ግን ለቀን ሠራተኛዋና ለጀበና ቡና ሻጯ በተግባር አይደርስም፤ አንድ ቀን ካረፉ የዚያ ቀን እንጀራ የለም። ለእነርሱ የተገኘው የጋራ ደንብ እስካሁን ዕቁብና ዕድር ብቻ ነው። ሁለት ቡና ሻጮች ቀን ተከፋፍለው አንዷ የአንዷን ቦታ ብትጠብቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሕግ ባልደረሰበት ቦታ ግን ደንብ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው የካዛንቺስ የራሱ ጥያቄ ነው፦ ሆቴል እሑድ ይዘጋ ወይ? አይዘጋም፤ ሆስፒታልም መብራትም አይዘጋም። አዋጁም ሥራቸው ሊቋረጥ ለማይችል ድርጅቶች በእሑድ ፈንታ ሌላ ቀን እንዲሰጡ ይፈቅዳል። ክፉው ነገር ያ ሌላ ቀን ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። የሽፍት ሰሌዳው ዓርብ ማታ ሲለጠፍ፣ ወይም የዕረፍት ቀኗ በዋዜማው በስልክ ሲቀየር፣ ሠራተኛዋ 24 ሰዓቷን በቁጥር አግኝታለች፤ ልጇን ቤተ ክርስቲያን ልታደርስበት፣ እናቷን ልትጠይቅበት፣ ማኅበር ልትጠጣበት ግን ቀጠሮ ልትይዝ አልቻለችም። ሰሌዳ ከወር በፊት ማውጣት፣ በወር አንድ እሑድ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በተራ ማድረስ የሆቴልን ገቢ አይነካም። አስተዳዳሪ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲያስብ ብቻ ይጠይቃል።

ስልኩም አንድ ነገር ሊባልለት ይገባል። ዛሬ በብዙ ቢሮዎች የሥራ ትእዛዝ የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ ቅዳሜ ማታ የተላከ መልእክት ሥር «እሺ» የሚሉት ሰዎች ሲደረደሩ ዝም ያለው ሰው ይታያል። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ አለማንሣትን ድርጅቶች ከሠራተኞች ጋር እንዲደራደሩበት በሕግ አዛለች። የእኛ አዋጅ ስለ ስልክ ምንም አይልም። ያልተቋረጠ 24 ሰዓት የሚለው ቃል ግን ለእኔ በመልእክትም ያልተቋረጠ ማለት ነው፤ የኅብረት ስምምነት የሚዋዋሉ ማኅበራት ይህን በግልጽ ቢያስገቡት የሚከለክላቸው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከቤት ውስጥ። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ያለ ክፍያ በሚሠራው የቤት ሥራ ሴቶች ከወንዶች እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚያሳልፉ መዝግቧል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ይፈላ፣ ዶሮው ይሠራ፣ እንግዳ ይምጣ ሲባል የወንዱ ዕረፍት በሴቷ ሥራ ላይ ቆሟል። ቡና ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ፣ ሦስት ጊዜ ቀድቶ፣ ሲኒውን አጥቦ የሚነሣ ሰው አላረፈም። የቤት ሠራተኛዋ ነገር ከዚህም ይብሳል፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጅ 1156 ውጭ በመደረጉ 24 ሰዓቱም፣ 16 ቀኑም፣ ትርፍ ሰዓቱም እርሷን አይመለከታትም። በተግባር ለእርሷ ያለው ሕግ የአሠሪዎቿ ኅሊና ነው። ስለዚህ ስለ ጋራ ዕረፍት ስንነጋገር ወጥ ቤቱንም መቁጠር አለብን፤ ካልቆጠርነው አንዱ የሚያርፈው ሌላዋን አድክሞ ነው።

ይህን የሚያነቡ ሰው ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ከሆነ፣ በካዛንቺስም ይሁን በሌላ ቦታ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ የሠራተኞችዎን የዓመት ፈቃድ መዝገብ ያስወጡና ይዩት። ሁለት ዓመት ሊሞላው የቀረበ ያልተወሰደ ቀን ያለው ሰው ካለ እስኪለምንዎ አይጠብቁ፤ ጠርተው ቀኑን አብረው ይወስኑ። ፈቃዱ ላይ ሳለ አይደውሉለት። እርስዎም የራስዎን ቀን ይውሰዱ፤ አለቃው በማያርፍበት ቢሮ ማንም ደፍሮ አያርፍም።